የማስተር ማህዲ ድግምት

ማስተር ማህዲ ድግምት ያስተምራል ብዬ ለአባቴ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳይታማ ይኸው በገዛ አፌ አመንኩ። ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። የተናገርኩትም በክፋት አይደለም፤ በኩራት ነው። የሐይቅ ከተማ ልጅ ሁሉ በጨርቅ ኳስ አቧራ ሲያቦን እኔ ድግምት እየተማርኩ ነዋ! እንዴት አልኮራ?

ማህዲ ከሻርጃ ሲመለስ እኔ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ከዓረብ አገር የሚመለስ ሰው በሰፈራችን የሚታወቀው በሻንጣው ብዛት ነው፤ የማህዲ ሻንጣ ግን አንድ ብቻ ሆነች። ሰፈሩ ሁሉ ሄዶ አየው። ሻንጣዋ ስትከፈት ሁለት ነጭ ልብስ፣ አንድ ነጭ ቀበቶና በእግር የሚመታ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ትራስ ወጣ። ሴቶቹ እናቱን እማማ ዑምኩልሱምን «አብሽሪ፣ ዋናው ጤና ነው» እያሉ አጽናኗቸው። ድምፃቸው ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ድምፅ ነበር። ሰባት ዓመት ሰርቶ ትራስ ይዞ መጣ እየተባለም ለአንድ ወር ተሳቀበት።

እሱ ግን ምንም አልመሰለው። በሁለተኛው ወር የአሳ አስጋሪዎች ማህበር አሮጌውን መጋዘን እንዲሰጠውና ለልጆች ቴኳንዶ እንዲያስተምርበት ጠየቀ። አባቴ ባድሩ የማህበሩ ኮሚቴ ነው። «አይጥ ከሚጨፍርበት ልጅ ቢጨፍርበት ይሻላል» ብሎ ፈቀደ። ይህን ቃሉን በኋላ ሲያነሱበት በጣም ይናደድ ነበር።

መጋዘኑ ተጠረገ፣ ታጠበ፣ በረኪናም ፈሰሰበት። ቢሆንም ቆሮሶ ቆሮሶ ይሸታል። አሳው ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ሽታው ኪራዩን የከፈለ ይመስል አልወጣም አለ። እኛም ስንት ሰዓት ዘለን ወደ ቤት ስንሄድ የሰፈር ድመት ይከተለን ጀመር። ኳስ ተጫዋቾቹ «ቆሮሶዎች መጡ!» ይሉናል። ከአሥራ አራታችን መካከል ሴቶቹ እኔና ነጅዋ ነን። የነጅዋ እናት እህል ትነግዳለች፤ ነጅዋም በዝምታዋ የታወቀች ነበረች። የዝምታዋን ድርሻ ጨምሮ የሚያወራላት ሀሚዱ ነው። ሀሚዱ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ የእኔ ጓደኛ፣ አፉ የማይከደን ነበር።

እናቴ ኢቲሳም ከአቡጀዲ ነጭ ልብስ ሰፋችልኝ። አባቴ ለብሼው ሲያየኝ ደነገጠ። በቁሟ ልጄን ከፈን አለበስሻት ወይ ብሎ እናቴን ተቆጣት። እናቴም እጅጌውን በማጠፍ ላይ እያለች፣ ከፈን ኪስ የለውም፣ ይሄ ኪስ አለው ብላ መለሰችለት። ኪሱን የሰፋችው ለዘቢብ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን በሰልፍ ቆመናል። ማህዲ ፊታችን ቆመና በመላ ሳንባው «ሃና!» ብሎ ጮኸ።

«አቤት!» ብዬ ወጣሁ።

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ስሜ ሀኒያ ነው፤ ሃና ያለኝ እያቆላመጠኝ መስሎኝ ነዋ። ማህዲ ራሱ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ግድግዳ ዞረ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚለው፦ ሃና፣ ዱል፣ ሰት፣ ነት፣ ዳሶት። በእያንዳንዱ ቃል አንድ እግር ይወጣል። የኮሪያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መሆኑን ያን ቀን ነግሮናል ይባላል። እኔ ግን ስሜ ተጠርቶ ስለወጣሁ ሀፍረት ጆሮዬን ዘግቶት አልሰማሁም። የሰማሁት ትርጉም የሌላቸው ቃላት መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያው ደግሞ የእኔ ስም ግማሽ ነው። ተመርጫለሁ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ ወራት አለፉ። የምንማረው አንድ ነገር ነው። ጉልበት ማንሳት፣ እግር መዘርጋት፣ መመለስ፣ ማስቀመጥ። በቀኝ መቶ፣ በግራ መቶ። ሲያልቅ አንደኛው ፑምሴ ይቀጥላል። ፑምሴ ማለት ከሌለ ጠላት ጋር በሥርዓት መደባደብ ነው። ወደ ግራ ዞረህ ትከላከላለህ፣ ትመታለህ፤ ወደ ቀኝ ዞረህ ትከላከላለህ፣ ትመታለህ። አሥራ ስምንት እንቅስቃሴ ነው። ካለቀ በኋላ እንደገና ይጀመራል። መስከረም ይሄው፣ ኅዳር ይሄው። የግሸን ማርያም ተሳላሚዎች በአውቶቡስ ሲያልፉ በመስኮት አዩን፣ ሲመለሱም እዚያው እንቅስቃሴ ላይ አገኙን።

በመጨረሻ ሀሚዱ ሁላችንን የሚበላንን ጥያቄ ጠየቀ። ሁለተኛውን ፑምሴ መቼ ነው የምታሳየን አለ።

ማህዲ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈ ነገር የሚያነብ ይመስል ነበር። «መጀመሪያ አንደኛውን ድገሙ» አለ።

«እስከ መቼ?»

«ራሱ እስኪመጣ።»

እኔና ሀሚዱ ተያየን። ራሱ እስኪመጣ! ማን ነው የሚመጣው? ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ተከራከርን። ሀሚዱ ጅኒ ነው አለ። እኔ ደግሞ ጅኒማ ነጭ ልብስ አይፈልግም፣ ይህን ትምህርት የፈጠረው የኮሪያ ሰውዬ ነው አልኩ። ነጅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ፣ ማንም ይምጣ፣ እኔ ግን በሩ አጠገብ ነው የምቆመው አለች።

ዛሬ ለልጆች ያንኑ ቃል ስናገር እየፈራሁ ነው። ማህዲ እግርሽ ሳታስቢው በራሱ ጊዜ እስኪወጣ ማለቱ ነበር። ለአሥር ዓመት ልጅ ግን ራሱ የሚመጣ ነገር እግር ሊሆን አይችልም።

በሳምንቱ ማህዲ መድገም ሰልችቶን ስንለግም አየንና መሬት ላይ አስቀመጠን። ቁጣ አያውቅም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የዚህ ትምህርት ምስጢሩ አንድ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም፣ እሱም ድግግሞሽ ነው አለን። ድግግሞሽ! ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሀሚዱ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ ድግግሞሽ ማለት ትልልቅ ሰዎች ድግምትን በጨዋ አፍ ሲጠሩት ነው ብሎ አስረዳኝ። ሁሉም ነገር ወዲያው ተገጣጠመልኝ። ያልታወቁት ቃላት፣ የሚመጣው ሰውዬ፣ የማናየው ጠላት፣ ሁሉም። ሰባተኛ ክፍል ደርሼ የሒሳብ መጽሐፌ ላይ «ድግግሞሽ» የሚል ርዕስ ሳይ ብቻዬን ፊቴ ቀላ።

ስለ ቀበቶውም የራሳችን ሊቃውንት ነበርን። ታላላቅ ሰዎች ጥቁር ቀበቶ እንደሚታጠቁ ከፊልም እናውቃለን፤ የማህዲ ግን እንደ እኛው ነጭ ነው። ሀሚዱ አሰበና መልሱን አገኘው። ጥቁሩ ከብዙ ዓመት መታጠብ የተነሳ ነጥቶ ነው አለ። አመንነው። ማህዲ «ማስተር አትበሉኝ፣ እኔ ማስተር አይደለሁም» ሲለንም፣ እውነተኛ ማስተር እንደዚህ ነው የሚለው እያልን ይበልጥ አከበርነው። ሰውየው አንድም ቀን አልዋሸንም። ውሸቱን ሁሉ ሰርተን ያለበስነው እኛ ነን።

እኔ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥም መድገም ጀመርኩ። አሥር ሺህ ሲሞላ እንደሚመጣ ሀሚዱ ነግሮኛል፤ ማን እንደነገረው አልጠየቅሁትም። ሲመጣም ምን እንደምለምነው አዘጋጅቼ ነበር፦ ከዳር ተነስቼ፣ ሐይቁን በአንድ ዝላይ ተሻግሬ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ በር ላይ ማረፍ። መነኮሳቱ ሲደነግጡ ይታየኛል። ችግሩ መቁጠር ነው። ሃምሳ ላይ ስደርስ ሀሳቤ ይሄድና ይጠፋብኛል። ስለዚህ የአባቴን ሙስበሃ ከተሰቀለበት አወረድኩ። ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ አለው፣ አንድ ስጨምርበት መቶ ይሞላል። ከዚህ የተሻለ መቁጠሪያ ከየት ይመጣል?

አባቴ ከሐይቁ ተመልሶ፣ የአስር ሰላቱን ሰግዶ፣ እጁን ወደ ሚስማሩ ሲሰድ ሙስበሃው የለም። ቤቱን አተራመሰው። በኋላ ከጓሮ ድምፅ ሰማና መጣ። ያየው ይሄ ነው፦ ከፈን የመሰለ ነጭ ልብስ የለበሰች ልጁ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሙስበሃውን እየቆጠረች፣ በማይታወቅ ቋንቋ እያነበነበች፣ አጥሩን በእግሯ ትደበድባለች።

«ሱብሃነላህ! ምን እያደረግሽ ነው?»

ዓይኔን ገለጥኩ። «ድግምት ነው አባዬ» አልኩት፤ «ማስተር ነው ያስተማረን። ዘጠኝ ሺህ ደርሻለሁ፤ አንድ ሺህ ብቻ ነው የቀረኝ።»

የአባቴን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። አባቴ ማዕበል የማይፈራ፣ የአምባሰል ተራራ የሚያህል ጉማሬ ቢመጣ የሚሳደብ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ግድግዳ ያዘ። ቀጥሎ እጄን ያዘ። ነጠላ ጫማውን ሳያደርግ ወጣና እየጎተተኝ ወደ ሸህ ዘይኑልአቢዲን ቤት ሄደ። ሸህ ዘይኑ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ አሊፍ ባ ያስተማሩ፣ የአባቴንም ጆሮ በልጅነቱ የቆነጠጡ ሽማግሌ ናቸው። አባቴ ነገሩን ነገራቸው። ሲህር ነው፣ በማህበሩ መጋዘን፣ ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ፣ አኼራዬን በገዛ እጄ አበላሸሁ አለ። እሳቸው ሰሙና፣ በትራቸውን አንስተው፣ ሄደን እንየው አሉ።

ያኔ ነው የሰራሁት የገባኝ። ሲህር ሐራም እንደሆነ መድረሳ ውስጥ ተምሬያለሁ፤ ድግምትና ሲህር አንድ መሆናቸውን ግን ማንም አልነገረኝም። ማስተር ማህዲን አስያዝኩት!

መጋዘኑ ስንደርስ ማህዲ ብቻውን ነበር፤ እሱም እየደገመ ነው። ሸህ ዘይኑ ሰላምታ አቅርበው፣ እስኪ የምታስነበንባቸውን እኔም ልስማው አሉት። ማህዲ ግራ ገባውና እስከ አሥር ቆጠረላቸው። ትርጉሙስ አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው አለ። በቀን ስንት ጊዜ አሉ። ሁለት መቶ ጊዜ እግር፣ ሃያ ጊዜ ፑምሴ አለ። ምነው ይሄን ያህል ሲሉት፣ መጀመሪያ ጭንቅላት ነው የሚይዘው፣ ጭንቅላት ደግሞ ሲፈራ ይረሳል፣ እግር ከያዘው ግን ቢፈራም አይረሳም አላቸው።

ሸህ ዘይኑ በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ባድሩ፣ አንተን ፋቲሓ ያስያዝኩህ በስንት ቀን ነው?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። «በአርባ ቀን።»

«በስንት መድገም?»

አባቴ ባዶ እግሩን አየ። እሳቸውም ይሄ ሲህር አይደለም፣ እኛ ሙራጀዓ የምንለው ነው፣ የያዙትን መከለስ ነው፤ ሙስበሃው ግን ወደ ቦታው ይመለስ አሉና ወደ ተደበቅሁበት ዞሩ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከበሩ ውጭ ከተቆለለ መረብ ኋላ ሆኜ፣ ግማሹን በጆሮዬ ግማሹን በፍርሃቴ ነው። ከሁሉም የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሸህ ዘይኑ ድግምቱን ከለከሉ።

አባቴ ግን በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም። ሲህር ካልሆነ ጥሩ፣ ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ አንድ ነገር ብቻ? ሁለተኛው የታለ? እኔ ለልጅ መረብ መቋጠር ባስተምር በስምንት ወር አሳ ታበላኛለች አለ። ማህዲ ሸህ ዘይኑን ወደ በሩ ሳብ አድርጎ በዝግታ ያወራቸው ጀመር። ጆሮዬን አቆምኩ። የደረሰኝ ይሄ ብቻ ነው፦ «ሰባት ዓመት ሙሉ በመስታወት ነው ያየሁት፤ ከዚያ ሌላ አልታየኝም።»

በመስታወት! የጠፋ ዕቃ በመስታወት የሚያይ ጠንቋይ እንዳለ ከሀሚዱ ሰምቻለሁ። እንግዲህ አለቀ፤ ማስተር ማህዲ በገዛ አፉ ተናዘዘ። ሸህ ዘይኑ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። እኔም ከጥንቆላው ተውበት አስገቡት ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

እውነቱን የሰማሁት አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ከራሱ ከማህዲ ነው። ሻርጃ የሠራው የአንድ ትልቅ ስፖርት ቤት መስታወት ግድግዳ በማጽዳት ነበር። እሱ መስታወቱን ሲወለውል ከውስጥ አዲስ ተመዝጋቢዎች ይማራሉ። በየወሩ ሌሎች አዲሶች ይመጡና ያንኑ የመጀመሪያ ትምህርት እንደገና ይጀምራሉ። ሁለተኛውን የሚማሩት ሲገቡ እሱ ባልዲውን ይዞ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል። ሰባት ዓመት ሙሉ አንደኛውን ፑምሴ አየ፤ ማታ አልጋው አጠገብ ደገመው፤ ሁለተኛውን ለአንድ ቀን እንኳ አላየም። እኛን አንድ ነገር ያስደገመን ሌላ ስላልነበረው ነው። ይህን ሲነግረኝ በጣም ስቄ ነበር፤ ቤት ስደርስ ግን አለቀስኩ።

ያን ቀን በሩ ላይ ስምምነት ተደረገ። ማህዲ ደሴ ሄዶ ፈታኝ ማስተር ይዞ ይመጣል። ልጆቹ ካለፉ ትምህርቱ ይቀጥላል፤ ካላለፉ አባቴ ቁልፉን ይረከባል፣ መረቡም ወደ መጋዘኑ ይመለሳል። ቀጠሮው ከአንድ ወር በኋላ ቅዳሜ ሆነ።

ለእኔ ያ ወር ጭንቅ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ፈተና ብቻ ነው የሚያስቡት፤ እኔ ብቻ ነኝ ድግምቱ እንደተከለከለ የማውቀው። አሁን በምን ልናልፍ ነው? የሚረዳን ከሌለ ባዶ እግራችንን ቀረን ማለት ነው! ለሀሚዱ ስነግረው እሱም አፉን ያዘ። መፍትሔው አንድ ነው አለ፤ ድግምቱ ያደርግልን የነበረውን ራሳችን መሥራት አለብን። ስለዚህ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ከሰዓት በኋላ መጋዘን፣ ከዚያ ሐይቁ ዳር አሸዋው ላይ ደገምን። ነጅዋም መጣች። አባቴ ታንኳው አጠገብ የተቀደደ መረብ ሲቋጥር፣ አንዷን ቋጠሮ እንደዚያው ሺህ ጊዜ ሲቋጥር፣ እኛ ፊት ለፊቱ እንራገጣለን። አያናግረንም። አንድ ቀን ብቻ ቀና ሳይል፣ ግራ እግርሽ ይዘገያል አለኝ። ተናደድኩ፤ ግራ እግሬ እውነትም ይዘገይ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። መጋዘኑ ሞላ። አስጋሪዎቹ፣ እናቶች፣ ሸህ ዘይኑ በወንበር፣ ኳስ ተጫዋቾቹም ሊስቁ መጥተዋል። ፈታኙ ማስተር አራጋው ይባላል። ግዙፍ ሰው ስንጠብቅ መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ የባንክ ቤት ሠራተኛ የሚመስል ሰው መጣ። ሲገባ አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ፤ ስለ ቆሮሶው ግን ምንም አላለም።

ስሜ ሲጠራ ወጥቼ ቆምኩ። አባቴ እጁን አጣምሮ ግድግዳውን ተደግፏል። አንደኛውን እንቅስቃሴ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ምንም የለም። ባዶ! ያ ረቢ፣ አለቀልኝ አልኩ። ያኔ ማስተር አራጋው «ጀምሪ» አለ፤ እግሬም ሄደ። እኔ ገና እየፈለግኩ ነው፣ እሱ ግን ወደ ግራ ዞሮ ጀምሯል። እጄ ተከተለው። ዞርኩ፣ መከትኩ፣ መታሁ፤ ግራ እግሬ አልዘገየም። አሥራ ስምንተኛው ላይ ስጮኽ የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። ወላሂ ለአፍታ መጣ ብዬ አምኜ ነበር። ራሱ መጣ!

ሁላችንም ሰራን። ሀሚዱ እንኳን ሳያወራ ሰራ። ከዚያ ማስተር አራጋው ወረቀቱን አገላብጦ፣ ሁለተኛውን የሚያውቅ አለ ብሎ ጠየቀ።

አባቴ ከግድግዳው ተነሳ። ማህዲ ከሰልፋችን ጫፍ ወጣና ሰዉ ሁሉ በሚሰማበት ድምፅ ተናገረ።

«የለም። እኔም አላውቀውም። የማውቀው አንድ ነው፤ እኔም ልፈተን ነው የቆምኩት።»

ኳስ ተጫዋቾቹ ሳቁ። እናቱ እማማ ዑምኩልሱም ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እኔ ደግሞ በልቤ አደነቅሁት፦ ምስጢሩን ለደሴ ሰው ላለመስጠት እንዴት አድርጎ ዋሸ አልኩ።

ማስተር አራጋው መነጽሩን አስተካከለ። እስኪ ያንኑ አሳየኝ አለው። ማህዲ ጀመረ። እስከዚያ ቀን ሲያስተምር እንጂ ለራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሰራ አይተነው አናውቅም። ምንም አልዘለለም፣ ምንም አላጋነነም። የእግሩ ኮቴ አይሰማም፤ እጁ ሲወጣ ግን የልብሱ ድምፅ ጠፍ ይላል። ሳቁ ቆመ። ጨርሶ ሲቆም ማስተር አራጋው ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ድገመው» አለ።

ደገመው። ያው ነው፣ በፀጉር እንኳን አልተለወጠም። እኔ ግን ወደቀ ብዬ አመንኩ። ትምህርት ቤት ድገም የሚባለው የወደቀ ነው፤ ሦስተኛ ክፍልን የደገመው የጎረቤታችን ልጅ ምን እንደሆነ አይቻለሁ። ማህዲ ላቡን ጠርጎ መጀመሪያው ቦታ ላይ ቆመ። በዚህ መሀል ከኋላ አንድ ጎርናና ድምፅ ተሰማ፦

«ይደገም!»

አባቴ ነበር። የገዛ አባቴ! ደሜ ፈላ። ሰውየውን ሊያሰቃየው፣ በሰው ፊት ሊያዋርደው ነው። ሁሉም በእኔ አፍ የመጣ መሆኑን ሳስብ መቆም አልቻልኩም። ሮጬ ማህዲ አጠገብ ቆምኩ። የሚያስደግሙት ከሆነ እኔም አብሬው ልድገም። ሀሚዱ ተከተለኝ። ነጅዋ ከበሩ አጠገብ መጣች። ከዚያ ሁሉም መጡ። ማህዲ ዞሮ አየንና ምንም አላለም፤ ፊቱን መለሰና «ሃና!» አለ። አሥራ አምስት እግር በአንድ ጊዜ መሬቱን መታ፤ የመጋዘኑ ቆርቆሮም ተንቀጫቀጨ። እያለቀስኩ ነው የሰራሁት። ንፍጤ ሁሉ ይወርድ ነበር፤ ግን አልተሳሳትኩም።

ማስተር አራጋው ለአሥራ አምስታችንም ቢጫ ቀበቶ አሠረልን። ለማህዲም ያንኑ ቢጫ ሲያሥርለት እማማ ዑምኩልሱም እልል አሉ። እኔ በእኛ ጥፋት ማዕረጉን አወረዱት ብዬ መንገዱን ሙሉ ነፈረቅሁ፤ ለአንድ ሳምንትም አባቴን አላናገርኩትም። አባቴም ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ቁልፉን ግን ወስዶ ለማህዲ ሁለተኛ አስቀረጸለት።

ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ ለጥቁር ቀበቶ ስፈተን ማስተር አራጋውን ጠየቅኋቸው። ጸጉራቸው ሸብቷል፤ መነጽራቸው ያው ነው። ያን ቀን ማህዲን ለምን እንደገና አስደገሙት አልኳቸው።

«የመጀመሪያው ለፈተናው ነበር» አሉ፤ «ሁለተኛው ለራሴ ነው። ሃያ ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ተደርጎ ሲሠራ አላየሁማ።»

ሐይቅ ስመለስ በቀጥታ ወደ አባቴ ሄድኩ። እንደ ልማዱ ታንኳው አጠገብ ቁጭ ብሎ መረብ ይቋጥራል። አንተስ አባዬ፣ ይደገም ያልከው ለምን ነበር አልኩት። ቀና ብሎ እንደ ሞኝ አየኝ።

«ሠርግ ላይ ዘፋኙ አንጀትሽን ሲበላው ምን ብለሽ ነው የምትጮኺው?» አለና ወደ ቋጠሮው ተመለሰ።

አሥራ ሁለት ዓመት! የአባቴን ፍቅር አሥራ ሁለት ዓመት እንደ ግፍ ቆጥሬ ይዤው ኖርኩ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ የመረቡን ሌላ ጫፍ ያዝኩለት። ቋጠሮዬን አይቶ፣ ፍቺና ድገሚው አለኝ።

አሁን መጋዘኑ ውስጥ የማስተምረው እኔ ነኝ። ማህዲ ጉልበቱ አስቸግሮት ቀይ ቀበቶ ላይ ቆመ። ባጃጅ ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገብቶ ከኋላ ይሰለፋል። ስምንተኛውን ፑምሴ ሁሉ ችሏል፤ የሚወደው ግን ያንኑ አንደኛውን ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ፣ ጥርሷ የወላለቀ፣ እጇን አውጥታ ሁለተኛውን መቼ ነው የምታሳዪን አለችኝ። ሁለተኛውን አውቀዋለሁ፤ ስምንተኛውንም አውቀዋለሁ። ወደ ጣሪያው ቀና አልኩ።

«መጀመሪያ አንደኛውን ድገሚ» አልኳት።

ልጅቷ ወደ ጓደኛዋ ዞራ የሆነ ነገር አንሾካሾከች። ምን እንዳለቻት አላህ ይወቅ፤ ቤቷ ሄዳ ምን እንደምትናገርም እንጃ። ሰልፉን አስተካከልኩ፣ ቆሮሶ ቆሮሶ የሚለውን አየር ሳብኩና «ሃና!» ብዬ ጮኽኩ።

«አቤት!» አለ ማስተር ማህዲ ከኋላ።